ጭራው ሊቆረጥ የደረሰው ቦምብ ጣይ፤ የተጎዳ የጦር አውሮፕላን በትንሽ ሞዴል ከባዶ እንዴት ይሠራል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከተነሱት የአውሮፕላን ፎቶግራፎች መካከል ያየው ሰው በቀላሉ ከማይረሳቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1943 በሰሜን አፍሪካ ሰማይ ላይ የተነሳው የአንድ አሜሪካዊ ቦምብ ጣይ ፎቶግራፍ ነው። ባለ አራት ሞተሩ አውሮፕላን በግራ በኩል ያለው አግድም የጭራ ክንፉ ከሥሩ ተገንጥሎ ሄዷል። የኋላ አካሉም በሰያፍ ተሰንጥቆ ጭራው ባልተቆረጠው ጎን ብቻ ተይዞ ይታያል። አውሮፕላኑ ግን እየበረረ ነው።

ይህ አውሮፕላን ዛሬ በየትኛውም ሙዚየም አይገኝም። ከጉዳቱ በኋላ ተጠግኖ እንደገና ያገለገለ ሲሆን፣ በ1945 ፈርሶ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል። ከእርሱ የቀሩት ጥቂት ፎቶግራፎች፣ የበረራ አባላቱ የሰጡት ቃልና የጦር ሠራዊቱ መዝገብ ናቸው። ከእነዚህ ማስረጃዎች ተነስቶ አውሮፕላኑን እንደነበረ፣ ከነጉዳቱ፣ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መጠን መልሶ መገንባት በሞዴል ሥራ ሙያ ውስጥ እጅግ አድካሚ ከሚባሉት ተግባራት አንዱ ነው። ሥራው የእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የሰነድ ምርመራም ጭምር ነው።

አደጋው የደረሰው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1943 ወይም ጥር 24 ቀን 1935 ዓ.ም ነው። በወቅቱ ቱኒዚያ በጀርመንና በኢጣሊያ ጦር ቁጥጥር ሥር የነበረች ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል 97ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን በአልጄሪያ ከምትገኘው ቢስክራ እየተነሳ የጠላትን ወደቦች ይደበድብ ነበር። በሌተና ኬንድሪክ ብራግ አብራሪነት ይበር የነበረውና "ኦል አሜሪካን" የሚል መጠሪያ የተሰጠው ቢ-17 ኤፍ ቦምብ ጣይ ግዳጁን ፈጽሞ በመመለስ ላይ ሳለ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ጥቃት ሰነዘሩ። ከመካከላቸው ከፊት ለፊት የመጣ አንድ ሜሰርሽሚት 109 በመጨረሻዋ ቅጽበት ዞር ማለት ሲገባው ቀጥ ብሎ መጥቶ ከቦምብ ጣዩ የኋላ አካል ጋር ተጋጨ። አብራሪው በተኩስ ተመትቶ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተስኖት እንደነበር ይታመናል። ተዋጊው ተሰባብሮ ሲወድቅ ከስብርባሪው የተወሰነው በቦምብ ጣዩ አካል ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

ሌተና ብራግና ባልደረቦቻቸው አውሮፕላኑን ቀስ ብለው እያበረሩ ቢስክራ አድርሰው አሳረፉት። ከአሥሩ የበረራ አባላት አንድም ሰው አልቆሰለም። ታዋቂው ፎቶግራፍ የተነሳው በዚሁ የመልስ ጉዞ ላይ፣ አብሮ ይበር ከነበረ ሌላ ቦምብ ጣይ ውስጥ ነው።

ይህ ታሪክ ከጊዜ በኋላ ብዙ ተጨምሮበታል። በሰፊው ከተሰራጩት ትረካዎች አንዱ አውሮፕላኑ በዚያ ሁኔታው እስከ እንግሊዝ አገር እንደበረረ ይናገራል። ሆኖም ከቱኒስ እስከ ቢስክራ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ወደ 450 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከቱኒስ እስከ ደቡብ እንግሊዝ ያለው ግን ከ1 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአውሮፕላኑ ጦር ሰፈርም አልጄሪያ እንጂ እንግሊዝ አልነበረም። ሌላው ትረካ አውሮፕላኑ መሬት እንደነካ ጭራው ተቆርጦ ወደቀ ይላል። በምድር ላይ የተነሱት ፎቶግራፎች ግን ጭራው ከነቁስሉ በቦታው ቆሞ ያሳያሉ። ሞዴሉን ሊሠራ የተነሳ ሰው የመጀመሪያ ውሳኔው እዚህ ላይ ነው፤ ትረካውን ይከተላል ወይስ ፎቶግራፉን? ጭራው መሬት ላይ የወደቀበትን ትዕይንት የሚሠራ ባለሙያ፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ያልተፈጸመ ነገር እየሠራ ነው።

የአውሮፕላን ሞዴል ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በፋብሪካ የተዘጋጁ የፕላስቲክ ክፍሎችን ገዝቶ መገጣጠም ሲሆን፣ ሁለተኛው ንድፍ አንብቦ፣ ጥሬ ዕቃ ቆርጦና ቀርጾ ሁሉንም ከባዶ መሥራት ነው። በፋብሪካ የሚዘጋጁት ክፍሎች ሙሉና ጤነኛ አውሮፕላን ለመገጣጠም የታሰቡ ናቸው። የፕላስቲካቸው ውፍረት ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ በ48 እጥፍ ተቀንሶ ከተሠራ ይህች 1 ሚሊ ሜትር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 4 ነጥብ 8 ሴንቲ ሜትር ማለት ናት። የእውነተኛው ቦምብ ጣይ የአሉሚኒየም ልባስ ግን በአብዛኛው ቦታ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለሆነም የፋብሪካውን ፕላስቲክ ሰብሮ "ይኸው ተጎዳ" ማለት የተቀደደ ቆርቆሮ ሳይሆን የፈረሰ የግንብ ግድግዳ የሚመስል ነገር ያስገኛል። የተጎዳ አውሮፕላን የሚሠሩ ባለሙያዎች ቢያንስ የተጎዳውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜም መላውን አካል፣ ከባዶ ለመገንባት የሚገደዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከባዶ መሥራት በዘርፉ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ቀዳሚው እርሱ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ "ስካይበርድስ" በሚል ስም ይሸጡ የነበሩት ሞዴሎች ተቀርጸው የሚጠናቀቁ የእንጨት ክፍሎች ነበሩ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የባሕር ኃይሉ የትምህርት ቤት ተማሪዎች 500 ሺህ የአውሮፕላን ሞዴሎችን ከእንጨት ቀርጸው እንዲያቀርቡ ጠይቆ ነበር። ዓላማው ወታደሮች የወገንንና የጠላትን አውሮፕላን ከቅርጹ ለይተው እንዲያውቁ ማሠልጠን ነበር። ሁሉም በ1 ለ72 ምጣኔ እንዲሠሩ የታዘዘ ሲሆን፣ ይህ ምጣኔ 1 ኢንች 6 ጫማን ስለሚወክል ለሒሳብ ምቹ ነው። ምጣኔው ዛሬም በሞዴል ሥራ በስፋት ያገለግላል።

የሥራው መነሻ ሒሳብ ነው። የቢ-17 ኤፍ የክንፍ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 31 ነጥብ 6 ሜትር፣ የአካሉ ርዝመት ደግሞ 22 ነጥብ 8 ሜትር ነው። በ1 ለ72 ሲቀነስ ክንፉ ወደ 44 ሴንቲ ሜትር፣ በ1 ለ48 ሲቀነስ ደግሞ ወደ 66 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1 ለ48 ምጣኔ ጭራውን የመታው ሜሰርሽሚት ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአውሮፕላኑ አጠገብ የሚቆም ሰው ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቁመት ይኖረዋል። የጉዳቱን ዝርዝር ለማሳየት ብዙዎች የሚመርጡት ይህንኑ 1 ለ48 ወይም ከዚያ የሚተልቀውን 1 ለ32 ነው። ምጣኔው ሲተልቅ ዝርዝሩ ይጨምራል፤ ቤት ውስጥ የሚይዘው ቦታም እንዲሁ። በ1 ለ32 የተሠራ ቢ-17 ክንፉ 1 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ቀጥሎ የሚመጣው የማስረጃ ማሰባሰብ ተግባር ከጠቅላላው ጊዜ ሰፊውን ድርሻ ይወስዳል። ከ12 ሺህ 700 በላይ ቢ-17ዎች የተመረቱ በመሆናቸው የፋብሪካው ንድፍና የጥገና መመሪያ መጻሕፍት በብዛት ይገኛሉ፤ በሙዚየም የቆሙ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላኖችንም ተመልክቶ መለካት ይቻላል። አስቸጋሪው የጉዳቱ ልክ ነው። ጉዳት ንድፍ የለውም። ያለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ የራቀውን ያሳንሳል፣ የቀረበውን ያገዝፋል፣ ያዘነበለውን ያሳጥራል።

ለዚህ የሚያገለግለው ዘዴ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። የአውሮፕላኑ አካል በውስጥ በኩል ቀለበት በሚመስሉ ደጋፊዎች፣ በርዝመቱ ደግሞ በቀጫጭን ዘንጎች የተደገፈ ሲሆን፣ የላይኛው ቆርቆሮ በእነዚህ ላይ በሪቬት የተመታ ነው። የሪቬቶቹ ረድፎች በጥሩ ፎቶግራፍ ላይ ይታያሉ። የእያንዳንዱ ቀለበት ቦታ ከንድፉ ስለሚታወቅ፣ የስንጥቁ ጠርዝ በየትኛውና በየትኛው ቀለበት መካከል እንዳለፈ መቁጠር ይቻላል። በዚህ መንገድ ስንጥቁ ከፎቶግራፉ ወደ ንድፉ፣ ነጥብ በነጥብ ይሸጋገራል። መስኮት፣ በርና የአገር መለያ ምልክት መጠናቸው ስለሚታወቅ ተጨማሪ መለኪያ ሆነው ያገለግላሉ። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አንዱን ነጥብ ቢያንስ ከሁለት ፎቶግራፍ ሳያመሳክሩ ቢላዋ አያነሱም። በ1 ለ48 ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ የ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስህተት መሆኑን ያውቃሉና።

ፎቶግራፎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል መለየትም የግድ ነው። በአየር ላይ የተነሳው፣ ካረፈ በኋላ የተነሳውና ጥገና ተጀምሮ ቆርቆሮ ከተነሳለት በኋላ የተነሳ ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ቁስል አያሳዩም። ሦስቱን ቀላቅሎ የሠራ ሰው በየትኛውም ሰዓት ያልነበረ አውሮፕላን ይሠራል።

ግንባታው የሚጀምረው ከእንጨት ነው። እንደ ባልሳ ያለ ለስላሳ ወይም ዘለግ ላለ ጊዜ ቅርጹን የሚጠብቅ ጠንካራ እንጨት በንድፉ መሠረት ተቀርጾ፣ በስቱኮ ተሞልቶና በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ የአካሉ ቅርጽ ይወጣል። በዚህ ቅርጽ ላይ በሙቀት የለሰለሰ የፕላስቲክ ሉህ ሲሳብ ቀጭን ቅርፊት ይገኛል። ጤነኛው የአውሮፕላኑ ክፍል በዚህ ቅርፊት ሊሠራ ይችላል። ክንፎቹ ከባድ ስለሚሆኑ በውስጣቸው የሚያልፍ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ይደረግላቸዋል፤ አለዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰግዳሉ።

የተጎዳው ክፍል አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ ባለሙያው የእውነተኛውን ፋብሪካ ሥራ በትንሹ ይደግማል። ቀለበቶቹን ከቀጭን ፕላስቲክ ይቆርጣል፤ ዘንጎቹን በርዝመት ይዘረጋል፤ በውስጥ የሚያልፉትን የመቆጣጠሪያ ገመዶች በቀጭን ሽቦ ይተካል። በቢ-17 ላይ አብራሪው ጭራውን የሚያዘው በአካሉ ውስጥ ተዘርግተው በሚያልፉ የብረት ገመዶች በመሆኑ፣ በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ የሚያይ ተመልካች እነዚህን ገመዶች መፈለጉ አይቀርም። በመጨረሻም ሁሉንም በቆርቆሮ ያለብሳል። ቆርቆሮው ምን ይሆን? መልሱ ከማዕድ ቤት ይመጣል። 0 ነጥብ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአውሮፕላን ልባስ ለ48 ሲካፈል ከ0 ነጥብ 02 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆናል፤ ይህም ለምግብ መጠቅለያ የሚያገለግለው የአሉሚኒየም ፎይል ውፍረት ነው። ዕቃውም ያው አሉሚኒየም ስለሆነ ሲቀደድም ሆነ ሲታጠፍ እንደ እውነተኛው ይሆናል። ፎይሉ በተሠራው አፅም ላይ ከተለጠፈ በኋላ ጥርስ ባላት ትንሽ ተሽከርካሪ መሣሪያ የሪቬት ረድፎች ይታተሙበታል።

መቅደዱ ራሱን የቻለ ዕውቀት ይፈልጋል። ብረት እንዳሻው አይቀደድም። በሪቬት የተመታ ቆርቆሮ ኃይል ሲያርፍበት ቀዳዳ ያለበት ቦታ ደካማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሪቬቱን ረድፍ ተከትሎ ይከፈታል፤ ቀለበቱ ካለበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል ወይም አቅጣጫ ይቀይራል። ጠርዙ ኃይሉ ወደ ሄደበት ይታጠፋል። ሜሰርሽሚቱ ከፊት መጥቶ ወደ ኋላ ያለፈ እንደመሆኑ የታጠፈው ቆርቆሮ ይህንኑ አቅጣጫ መመስከር ይጠበቅበታል። የጥይት ቀዳዳም ቢሆን መግቢያው ትንሽና ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባ፣ መውጫው ሰፋ ያለና ጠርዙ ወደ ውጭ የተገለበጠ ነው። የፀረ አውሮፕላን ፍንጣሪ ደግሞ ቅርጽ የለሽ ቀዳዳ ይተዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይነት መርፌ የሚበሱ ሞዴሎች ጥቂት አይደሉም፤ ዓይን ግን ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይረዳል።

የቀለም ሥራው የራሱ ወጥመዶች አሉት። ከሁሉ የተለመደው ስህተት በተቀደደው ጠርዝ ላይ ቀይ ዝገት መቀባት ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ዝገት መሰል ቀለም ሊታይ የሚችለው የጭስ መውጫን በመሳሰሉ የአረብ ብረት ክፍሎች ላይ ነው። ትኩስ ቅዳድ የሚያብረቀርቅ ብርማ ሆኖ፣ በታጠፈበት ቦታ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ የረገፈ መሆን አለበት። የአውሮፕላኑ የላይኛው ክፍል የወይራ አረንጓዴ፣ የታችኛው ግራጫ ሲሆን፣ የሰሜን አፍሪካ ፀሐይ አረንጓዴውን ወደ ቡናማነት እንደምትለውጠው ከሌሎች የቀለም ፎቶግራፎች ይታወቃል።

መለያ ምልክቶቹ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ሥራ ይመስላል። የአውሮፕላኑ የመዝገብ ቁጥር 41-24406 ሲሆን፣ 41 ግዥው የተፈቀደበትን የበጀት ዓመት ያመለክታል። በጭራው ላይ ግን የመጀመሪያዋ 4 ተትታ 124406 ተብሎ በቢጫ ተጽፏል። በክንፉና በጎኑ ላይ ያለው ነጭ ኮከብ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያረፈ ብቻ መሆን ይገባዋል። በሁለቱ ጎኖቹ ነጭ አራት ማዕዘኖች የተጨመሩበት እ.ኤ.አ. በ1943 አጋማሽ፣ ከአደጋው ወራት በኋላ ነው። ከአፍንጫው ሥር የሚታየው የመትረየስ ማማም የተከታዩ ቢ-17 ጂ መለያ በመሆኑ በዚህ አውሮፕላን ላይ ቦታ የለውም።

አውሮፕላኑ ለምን አልወደቀም? ሞዴሉን ከአፅሙ ጀምሮ የሠራ ሰው መልሱን ከሌላው በተሻለ ያያል። የቢ-17 አካል ሸክሙን በአንድ ምሰሶ ላይ አይጥልም፤ ቆርቆሮው፣ ቀለበቶቹና ዘንጎቹ ሸክሙን ይጋሩታል። አንዱ ወገን ሲቆረጥ ሸክሙ ወደ ቀረው ወገን ይዞራል። የቀኝ አግድም ክንፍና ትልቁ ቀጥ ያለ የጭራ ክንፍ በቦታቸው መቅረታቸውም አውሮፕላኑ አቅጣጫውን እንዲጠብቅ ረድቷል። አብራሪው ድንገተኛ እንቅስቃሴ በማስወገድ የቀረውን ብረት ከተጨማሪ ጫና ጠብቀዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊታወስ የሚገባው በዚያው ዓመት በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታትስቲክስ ምርምር ቡድን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አብርሃም ዋልድ ያቀረቡት ጥናት ነው። ዋልድ ከጦርነት የተመለሱ አውሮፕላኖች ላይ ከሚታየው ጉዳት ተነስቶ የአውሮፕላኑን ደካማ ክፍሎች እንዴት መገመት እንደሚቻል በሒሳብ አሳይተዋል። ፍሬ ነገሩ የተመለሱት ብቻ ሲቆጠሩ ያልተመለሱት ከሒሳቡ እንደሚወጡ መገንዘብ ነው። የተመለሰ አውሮፕላን የተመታበት ቦታ፣ ተመትቶም ሊመለስ የሚቻልበት ቦታ ነው። የኦል አሜሪካን ፎቶግራፍም የተገኘው አውሮፕላኑ ስለተመለሰ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ተመትተው የወደቁ ቢ-17ዎች ፎቶግራፍ አንሺ አላገኙም፤ "በራሪ ምሽግ" የሚለውን የቢ-17 ቅጽል ስም በዚህ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ማረጋገጥ የሚሞክር ጽሑፍ በጥንቃቄ መነበብ ያለበትም ለዚህ ነው።

አውሮፕላኑ ራሱ ሲገኝ ሥራው ምን ያህል እንደሚቀል ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ትብብር አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችው "ፀሐይ" አውሮፕላን በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ፣ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የእርሷን ሞዴል ለመሥራት የሚነሳ ባለሙያ ሜትሩን ይዞ ሊለካት የሚችላት አውሮፕላን አለችው። የኦል አሜሪካን ሞዴል ሠሪ ይህ ዕድል የለውም።

ሞዴሉ ሲጠናቀቅ የሚቀረው የአቀማመጥ ጥያቄ ነው። በበረራ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ሰው ጎማዎቹን አጥፎ፣ ፕሮፔለሮቹን በሽክርክሪት አስመስሎ፣ አካሉን በቀጭን ዘንግ ላይ ያቆመዋል። ቢስክራ ላይ ካረፈ በኋላ የሚያሳየው ደግሞ የአሸዋ መሬት፣ ተሰብስበው ቁስሉን የሚመለከቱ የበረራ አባላትና የጥገና ሠራተኞች ያክልበታል። በሁለቱም መንገድ አውሮፕላኑ የግራ ጎኑ ወደ ተመልካች ዞሮ ይቀመጣል፤ ቁስሉም፣ ማስረጃውም በዚያ በኩል ነው። የፎይል ልባሱ በጣት ንክኪ ስለሚጎረብጥና አቧራ ሲጠረግለት የተቀደዱት ጠርዞች ስለሚሰበሩ፣ ሥራው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በመስታወት ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። በሳጥኑ ላይ በሚለጠፈው ጽሑፍም የአውሮፕላኑ ቁጥር፣ ዕለቱ፣ ቦታውና ሞዴሉ የተመሠረተባቸው ፎቶግራፎች ይገለጻሉ።